የብስክሌት ጉዞና የመንገድ ዳር ሕዝብ፤ ከፓሪስ እስከ ዲላ

ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና በአፖስቶና በጩኮ በኩል አልፎ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዲላ ይደርሳል። ከዲላ ወዲያ መንገዱ በጌዴኦ ምድር ሽቅብ ይወጣል። ግራና ቀኙን በእንሰት፣ በቡናና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ተከልሎ ወናጎን፣ ይርጋ ጨፌንና ጨለለቅቱን ካቋረጠ በኋላ ወደ ቡሌ ሆራ፣ ከዚያም ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ ያመራል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ይርጋ ጨፌ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ በመኪና ለሚያልፍ ሰው ልብ የማይባል ነው። በብስክሌት ለሚያልፍ ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ ጥላውና ፀሐዩ፣ በመንገድ ዳር የቆመውም ሰው ፊት አንድ በአንድ የሚታወቅ ነው።

ይህ መንገድ የጌዴኦ ቡና ወደ ማዕከላዊ ገበያ የሚጓጓዝበት የንግድ መሥመር ብቻ አይደለም። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን አፍሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጠው አህጉራዊ ጎዳና አንድ ክፋይም ነው። ስለሆነም ሻንጣቸውን በብስክሌታቸው ላይ ጭነው፣ ብቻቸውን ወይም በቡድን ሆነው፣ በዲላ በኩል ያለፉ መንገደኞች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ መንገደኞች ሲያልፉ በመንገድ ዳር የሚቆመው ሕዝብ፣ በተለይም ሕፃናቱ፣ በጉዞው ውስጥ ምን ድርሻ አላቸው? ተመልካቾች ብቻ ናቸው ወይስ ተካፋዮች? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም የዓመታዊ የብስክሌት ጉዞዎችን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ ለተከታተለ ሰው፣ የእነዚህ ጉዞዎች ሕልውና ከጋላቢዎቹ ጉልበት ባላነሰ በዚሁ ጥያቄ መልስ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

በዓለም እጅግ የታወቀው ዓመታዊ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ነው። የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1903 ሎቶ የተባለው የስፖርት ጋዜጣ ገበያውን ለማስፋት ባወጣው ዕቅድ ሲሆን፣ መሪው የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሄንሪ ዴግራንዥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 60 ብስክሌተኞች ተነሥተው፣ በስድስት ምዕራፍ የተከፈለውን 2,428 ኪሎ ሜትር መንገድ ለመጨረስ የበቁት 21 ብቻ ነበሩ። ሞሪስ ጋራን አሸናፊ ሆነ፤ የጋዜጣውም ሽያጭ እጅግ ጨመረ። በዚህ ጊዜ የመንገድ ዳር ሕዝብ በአዘጋጆቹ ሐሳብ ውስጥ የነበረው ስፍራ የጋዜጣ ገዢነት ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ አስተሳሰብ ያስከተለው ችግር በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1904፣ በግልጽ ታየ። ሴንት ኤትየን በምትባለው ከተማ አቅራቢያ በሌሊት የተሰበሰቡ ሰዎች የአገራቸውን ልጅ አሳልፈው ሌሎቹን ጋላቢዎች በዱላ ደበደቡ። ሕዝቡን ለመበተን የውድድሩ ኃላፊዎች ሽጉጥ ተኰሱ። ኒም በተባለው ከተማ ደግሞ የአካባቢያቸው ጋላቢ ከውድድሩ በመባረሩ የተቈጡ ሰዎች መንገድ ዘግተው ድንጋይ ወረወሩ። ጎማ ለማፈንዳትም በየመንገዱ ሚስማር ተበተነ። ከጋላቢዎቹም መካከል ደንብ በመጣስ የተከሰሱ ብዙዎች ስለ ነበሩ፣ ምርመራው ሲያበቃ የመጀመሪያዎቹ አራት አሸናፊዎች ውጤታቸው ተሰርዞ፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረው ሄንሪ ኮርኔ አሸናፊ ተባለ። ዴግራንዥ ራሱ ውድድሩ ዳግመኛ እንደማይደረግ እስከ መግለጽ ደርሶ ነበር።

ውድድሩ ግን አልቀረም። በ1905 ምዕራፎቹ አጠር ብለው ቊጥራቸው ወደ 11 ከፍ አለ፤ ጉዞውም በአብዛኛው በቀን ብርሃን እንዲሆን ተደረገ። በ1910 ደግሞ ከኋላ ቀርቶ የደከሙትን የሚሰበስብ መኪና ተመደበ። እያደርም ከተሞች የጉዞው መነሻና መድረሻ ለመሆን የሚፎካከሩ፣ መንገዳቸውን የሚያስጌጡና እንግዶቻቸውን የሚያስተናግዱ ሆኑ። እንግዲህ ዛሬ የሥርዐት ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ውድድር በሁለተኛ ዓመቱ በድንጋይና በዱላ ሊጠፋ ተቃርቦ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። ሕዝቡ በአንድ ጀንበር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጉዞውና ሕዝቡ የሚገናኙበት ሥርዐት ነው።

የመንገድ ዳር ሕዝብ ከተመልካችነት ወደ ባለቤትነት የተሸጋገረበት ሁነኛ ምሳሌ በአሜሪካ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአዮዋ ግዛት የዴ ሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ ጸሐፊዎች የነበሩት ጆን ካራስና ዶናልድ ኮል ግዛቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በብስክሌት ለማቋረጥ አስበው አንባቢዎቻቸውን ጋበዙ። ከመነሻው ከተማ 300 ያህል ሰዎች ተነሡ፤ ሙሉውን መንገድ የጨረሱት 114 ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ ክላረንስ ፒካርድ የተባሉ የ83 ዓመት አዛውንት ናቸው። ውድድርም ሆነ ሽልማት ያልነበረው ይህ ጉዞ ራግብራይ በሚል ስም በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ የሚደረግ ሆኖ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን መሳብ ጀመረ። መንገዱ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ ጉዞው የሚያድርባቸው ትንንሽ የገበሬ ከተሞች ወራት ቀድመው ኮሚቴ ያቋቁማሉ። አንዱ የድንኳን ስፍራ ያዘጋጃል፣ ሌላው ውኃ ያቀርባል። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራትና የተማሪዎች ክበባት ምግብ አብስለው በመሸጥ ለዓመቱ ሥራቸው ገንዘብ ያገኛሉ። ለብዙዎቹ ነዋሪዎች ብስክሌቱ ምክንያት እንጂ ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ነገር ከተማይቱ በአንድ ቀን ሁሉን አስተባብራ እንግዳ መቀበሏ ነው።

በአፍሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. በ1978 በቢል ማይልሪያና በጆን ስቴግማን አነሣሽነት የተጀመረው ዓመታዊ የብስክሌት ጉዞ መነሻው የመንገድ መብት ጥያቄ ነበር፤ ብስክሌተኞች የራሳቸው መተላለፊያ እንዲሠራላቸው ይጠይቁ ነበርና። በመጀመሪያው ዓመት 525 ያህል ሰዎች ተሰለፉ። ከጊዜ በኋላ ቊጥሩ ከ30,000 በላይ ደረሰ። ጉዞውን የሚያካሂዱት የብስክሌተኞች ማኅበርና አንድ የሮታሪ ክበብ ሲሆኑ፣ ትርፉ ለበጎ አድራጎት ይውላል። በየውኃ ማደያው፣ በየመጠምዘዣውና በየሕክምና ጣቢያው የሚቆሙት በጎ ፈቃደኞች ባይኖሩ ይህን የሚያህል ሰልፍ ለአንድ ሰዓት እንኳ ማንቀሳቀስ እንደማይቻል ግልጽ ነው።

በእኛ የአፍሪካ ቀንድ የብስክሌት ታሪክ የሚጀምረው ከአሥመራ ነው። በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ዘመን የተቋቋሙት የብስክሌት ክበባት ለኢጣልያውያን ብቻ የተፈቀዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 የአገሩ ተወላጆች ከኢጣልያውያን ጋር እንዲወዳደሩ በተፈቀደበት ጊዜ ገብረማርያም ገብሩ ማሸነፉ በኤርትራ የስፖርት ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1946፣ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ዘመን፣ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙሪያ ውድድር ተደረገ፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ ጸጥታ በመጥፋቱ ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ። እንደገና የተጀመረው በ2001 ነው። በመካከሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። ብስክሌትም ሆነ ጋላቢ በአሥመራ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋው ከከተማ ወደ ከተማ በሰላም የሚያሳልፍ መንገድ ነበር።

ኢትዮጵያም በበኩሏ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ወደ ሜልቦርን የላከቻቸው 12 ስፖርተኞች በሁለት የስፖርት ዓይነቶች ብቻ የተወዳደሩ ነበሩ፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ከአራቱ ብስክሌተኞች አንዱ የነበረው ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ ደግሞ 9ኛ ሆነ። ገረመው ከአራት ዓመት በኋላ በሮምም ተወዳድሯል፤ ይሁን እንጂ በዚያው ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያገኘው የማራቶን ድል የአገሪቱን ዐይን ሁሉ ወደ ሩጫ መለሰው። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ሩጫ ከሯጩ ጽናት በቀር ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ብስክሌት ግን ጎማና ካቴና፣ መለዋወጫና ጠጋኝ፣ የተስተካከለ መንገድና ተከታይ መኪና ይሻል። ብቻውን የሚወዳደር ብስክሌተኛ የለም፤ ከኋላው ብዙ እጆች አሉ። ስለዚህም ስፖርቱ የጸናው ክበባትና ጥገና ቤቶች በነበሩባቸው ከተሞች ነው። ከመቀሌ የተነሣው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመካፈል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወስዷል። እንደ ጌዴኦ ሁሉ ኮረብታማና ቡና አብቃይ የሆነችው ሩዋንዳም በ1988 የጀመረችውን አገር አቀፍ ውድድር በ2009 ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃ አሳድጋ፣ በ2025 በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያ የሆነውን የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና በኪጋሊ አስተናግዳለች።

ወደ ዲላው ጎዳና የሚያደርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚደረግ ዓመታዊ የብስክሌት ጉዞ ነው። ቱር ዳፍሪክ የተባለው ይህ ጉዞ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው አራት ወር ገደማ ይፈጃል። ከተካፋዮቹ አንዳንዶቹ ለውድድር፣ ሌሎቹ አገር ለማየት የሚመጡ ናቸው። ድንኳንና ስንቅ የሚጭኑ መኪናዎች፣ ወጥ ቤት፣ የብስክሌት ጠጋኝና የሕክምና ባለሙያ አብረው ይጓዛሉ። በኢትዮጵያ ጉዞው በመተማ ገብቶ የዓባይን ሸለቆ ያቋርጥና በአዲስ አበባ አልፎ በሞያሌ እንዲወጣ የታሰበ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚያደርሱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሐዋሳና በዲላ፣ ሌላው በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ነው። ብስክሌተኞች እንደ መንገዱ ጥራትና እንደ አካባቢው ጸጥታ አንዱን ይመርጣሉ። በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የተቀሰቀሰው ጦርነት የሰሜኑን መሥመር መዝጋቱ፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ከሁሉ አስቀድሞ በሰላም ላይ የቆመ መሆኑን እንደገና አሳይቷል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ያለፉ ብስክሌተኞች በጻፏቸው ማስታወሻዎች ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኛው የተራራው ውበት፣ የቡናው ሥነ ሥርዐትና የሰዉ ደግነት ነው። ሁለተኛው በየመንገዱ የሚከተሏቸው ሕፃናት ጩኸትና አልፎ አልፎም የሚወረውሩት ድንጋይ ነው። ይህን መሸፋፈን ለማንም አይጠቅምም። ሆኖም ነገሩን በጥላቻ ብቻ መተርጐም ስሕተት ይሆናል። የማያውቁት እንግዳ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ሳይቆምና ሳይናገር ሽው ብሎ ሲያልፍ፣ ሕፃኑ ራሱን የሚያስታውቅበት መንገድ ሲያጣ ጩኸቱ ወደ ልፊያ፣ ልፊያውም ወደ ድንጋይ ይለወጣል። ሴንት ኤትየን ላይ የተሰበሰቡትም ሰዎች በጉዞው ውስጥ ከመጮኽ በቀር የተሰጣቸው ሥራ አልነበረም። በአዮዋ የገበሬ ከተማ ግን ያው የመንገድ ዳር ልጅ ውኃ የሚያቀብል፣ አቅጣጫ የሚያሳይ፣ የወላጆቹን ምግብ የሚሸጥ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዘር ወይም የባሕርይ ልዩነት ሳይሆን የድርሻ ልዩነት ነው።

ድርሻ መስጠት ደግሞ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። ደቦ፣ ጅጌና ወንፈል ያለ ደመወዝ በጋራ የመሥራት ጥንታዊ ልማዶች ናቸው። በጌዴኦም ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚዳኙበት ሥርዐት ለብዙ ትውልድ ኖሯል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ፣ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት መጠለያ ሆኑ፤ ብዙ ነዋሪዎችም ያላቸውን ከተፈናቃዩ ጋር ተካፈሉ። ያን ጊዜ ከዲላ ወደ ቡሌ ሆራ የሚወስደው አካባቢ የሥጋት ቀጣና ነበር። ብስክሌተኛ በመስኮት የማይከለልና በፍጥነት የማያመልጥ መንገደኛ ነው። ስለሆነም አንድ ብስክሌተኛ በአንድ መንገድ ላይ ያለ ሥጋት ማለፍ መቻሉ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ጎረቤታሞች እርስ በርሳቸው በሰላም እንደሚኖሩ ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ሕዝብን በብዛት የሚያሳትፍ ዓመታዊ ዝግጅት በኢትዮጵያ መትከል እንደሚቻልም ታይቷል። በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሣሽነት በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ተካፋዮች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ የዓመት ልማድ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም የተጀመረው ከመኪና ነጻ የሆነ ቀን ደግሞ ሕፃናት በአስፋልት ላይ ብስክሌት የሚነዱበትን አጋጣሚ ፈጥሯል። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ልጆች ብስክሌት የሚለምዱት በሰዓት በሚከፈል ኪራይ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በጌዴኦ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ባይሟላም መሠረቱ አለ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቱቲን የመሳሰሉት የትክል ድንጋይ ስፍራዎች፣ በእንሰትና በቡና ጥምር እርሻ የተሸፈኑት ተዳፋቶች፣ በመኸር ጊዜ በአልጋ ላይ የሚሰጣው ቀይ ቡና፣ እነዚህ ሁሉ በብስክሌት ፍጥነት ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ ይገኛል። ብስክሌት የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ቁስል የሚያሥረው ነርስ፣ የዳገቱን ልክ የሚያውቀው መሐንዲስ፣ ተማሪዎቹን በመንገድ ዳር በሥርዐት የሚያሰልፈው መምህር፣ እያንዳንዱ በሙያው በጉዞው ውስጥ ቦታ አለው። በሌሎች አገሮች የሙያ ማኅበራት አባላት በዓመት አንድ ቀን ቢሯቸውን ዘግተው በመንገድ ዳር የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ለጉዞው የሚሰጡት ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን ዕውቀታቸውንም ነው። በምላሹም ሙያቸውን ከማያውቀው ሕዝብ ጋር ይተዋወቃሉ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። ዓመታዊ የብስክሌት ጉዞን የሚጀምሩት ጋዜጠኞች፣ ነጋዴዎች ወይም ስፖርተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያጸኑት ግን ስማቸው በማንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የመንገድ ዳር ሰዎች ናቸው። በ1904 የፈረንሳዩን ውድድር ሊያጠፉት የተቃረቡትና ኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያኖሩት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። በወናጎ ወይም በይርጋ ጨፌ ዳገት ላይ ድንጋይ የሚያነሣው ሕፃንና ውኃ የሚያቀብለው ሕፃን ምናልባት አንድ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው፣ ብስክሌተኛው ከመድረሱ አስቀድሞ አንድ መምህር፣ አንድ ሽማግሌ ወይም አንድ ባለሙያ ወደዚያ ዳገት ወጥቶ በእጁ የውኃ ጣሳ ማስያዙ ነው።